ሶፍትዌሩን ከመምረጣችሁ በፊት ዲስኩን እዩት
ለኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎችና ለዘርፉ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርእሳችን አንድን ሃርድ ዲስክ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጡ ፕሮግራሞች አመራረጥ ነው። በጥገና ቤት አነጋገር «ክሎን ማድረግ» የምንለው ሥራ ማለት ነው።

ለንግግሩ መያዣ እንዲሆነን በጥገና ጠረጴዛ ላይ በብዛት የሚገጥመውን ሥራ እንውሰድ። አንድ ላፕቶፕ አለ። ውስጡ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ገብቶበታል፤ የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ባለቤቱ ማሽኑ ስለተንቀረፈፈበት 480 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ገዝቶ መጥቷል። የሒሳብ ፕሮግራሙ፣ ፎቶዎቹ፣ የአማርኛ መጻፊያው፣ ሁሉም እንደነበረ ሆኖ ማሽኑ ብቻ እንዲፈጥንለት ይፈልጋል። ፋይሎቹን ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ይህን አያመጣም። ዊንዶውስ እንዲነሳ የዲስኩን ክፍሎች ማለትም ፓርቲሽኖቹን የሚዘረዝረው የፓርቲሽን ሰንጠረዥ፣ 100 ሜጋባይት አካባቢ የሆነችው የማስነሻ ፓርቲሽንና በውስጧ ያለው «ዊንዶውስ የት ነው?» የሚለው መዝገብ ጭምር መሻገር አለባቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የፕሮግራም ስም ይጠይቃል። ስም ከመጥራታችን በፊት ግን ሦስት ነገር እንወቅ፦ የአሮጌው ዲስክ ጤና፣ የአዲሱ ዲስክ ትክክለኛ መጠን፣ ማሽኑ ቡት የሚያደርግበት ማለትም የሚነሳበት መንገድ። ከሦስቱ ጤናው ይቀድማል፤ የምሽቱን ሰፊ ጊዜም ለእሱ እንሰጣለን፤ የሰው ፋይል የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ላይ በሚሠራ ስህተት ነውና።

የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ክፈቱና ሦስት መስመሮችን ተመልከቱ፦ 05፣ ሲ5 እና ሲ6። በሌሎች ፕሮግራሞች 5፣ 197 እና 198 ተብለው ታገኟቸዋላችሁ። የመጀመሪያው ዲስኩ ተበላሽተውበት በመጠባበቂያ የተካቸውን ሴክተሮች፣ ማለትም ዲስኩ የተከፋፈለባቸውን ትንንሽ ቁራጮች ይቆጥራል። ሁለተኛው ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ሦስተኛው ደግሞ ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ ፈጽሞ ያልተነበቡትን። ክሪስታልዲስክኢንፎ ጥሬ ቁጥሩን በሄክሳ (በአሥር ሳይሆን በ16 በሚቆጥር አጻጻፍ) ስለሚጽፍ 10 ብሎ ካሳያችሁ 16 ማለቱ ነው። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ዲስኩ ለመደበኛ ክሎን ዝግጁ ነው በሉ። ሲ5 ላይ አንድም ቢሆን ቁጥር ካለ ግን መደበኛውን የክሎን ፕሮግራም ወደ ጎን አድርጉት።

ምክንያቱም ይህ ነው። መደበኛ ፕሮግራም ዲስኩ ጤነኛ ነው ብሎ ይነሳል። ያልተነበበ ሴክተር ሲገጥመው ወይ 63 በመቶ ላይ ደርሶ ስህተት ብሎ ያቆማል፣ ወይ እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ለማንበብ ይታገላል። ትግሉ በቆየ ቁጥር የማንበቢያው ጭንቅላት በተጎዳው ቦታ ላይ ይመላለሳል፤ ገና ያልተነካውና ጤነኛ የሆነው የዲስኩ ክፍል ሳይወጣ ዲስኩ ይሞታል። በተጨነቀ ዲስክ ላይ የሚያዋጣው ስልት ተቃራኒው ነው፦ ጤነኛውን በሙሉ መጀመሪያ አውጥቶ፣ ከተጎዳው ጋር መታገልን ለመጨረሻ ማቆየት።

ይህን ስልት የያዘው ፕሮግራም ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው ነው። አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዘጋጀው ነጻ ፕሮግራም ሲሆን በሊነክስ ላይ ይሠራል፤ ሲስተምሬስኪው በተባለው ከፍላሽ የሚነሳ ሊነክስ ውስጥም ተዘጋጅቶ ታገኙታላችሁ። በኡቡንቱ ላይ ስትጭኑት የጥቅሉ ስም ፊት ላይ «ጂ» ተጨምሮበት «ጂዲዲሬስኪው» ነው። ስሙ መሃል ላይ ከታች ሰረዝ ያለበት ሌላ ፕሮግራም ስላለ አትሳሳቱ፤ የትእዛዝ አጻጻፋቸው የተለያየ ነው።

በሁለት ዙር ነው የሚሠራው። በመጀመሪያው ዙር «ኤን» የምትለዋን ምርጫ ጨምራችሁ ታስነሱታላችሁ። ያን ጊዜ በቀላሉ የሚነበበውን ይሰበስባል፤ አስቸጋሪ ቦታ ሲያገኝ ምልክት አድርጎ ይዘላል፤ ሴክተር በሴክተር የሚፍቀውን አድካሚ ደረጃ አይጀምርም። በሁለተኛው ዙር «ኤን»ን አውጥታችሁ «ዲ» እና «አር3» ትጨምራላችሁ። «ዲ» የሊነክስን መሸጋገሪያ ማህደረ ትውስታ አልፎ በቀጥታ ከዲስኩ እንዲያነብ፣ «አር3» የቀረውን ሦስት ጊዜ እንዲሞክር ያዙታል። መድረሻው ፋይል ሳይሆን ዲስክ ሲሆን «ኤፍ»ም ታስፈልጋለች፤ ያለእሷ በዲስክ ላይ መጻፍ አይፈቅድም። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ምንጭ፣ ቀጥሎ መድረሻ፣ በመጨረሻ የካርታ ፋይል ነው።

የካርታ ፋይሉን አትናቁት። የትኛው ሴክተር እንደወጣ፣ የትኛው እንደቀረ የሚመዘገበው እሱ ላይ ነው። መብራት ቢሄድ ወይም ዲስኩ በመሃል ቢጠፋ ያንኑ ትእዛዝ መልሳችሁ ስታስገቡ ካቆመበት ይቀጥላል። ግን ከፍላሽ በተነሳ ሊነክስ ላይ ስትሠሩ ዴስክቶፑ ላይ የምታስቀምጡት ፋይል ያለው ራም ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ካርታው ሌላ ሦስተኛ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ።

«ዲዲ» የተባለውን አሮጌ የሊነክስ መገልበጫ ትእዛዝ የሚያውቁ ሰዎች «ስህተቱን እለፍ» የሚለውን ምርጫ ጨምረው በተጎዳ ዲስክ ላይ ይጠቀሙበታል። ለፍጥነት ብለው የንባቡን መጠን 1 ሜጋባይት ካደረጉት፣ አንዲት 512 ባይት ሴክተር ስለተበላሸች በዙሪያዋ ያለው አንድ ሙሉ ሜጋባይት በዜሮ ይሞላል። ካርታም የለው፤ ከተቋረጠ የት እንደደረሰ ማወቂያ የላችሁም። ዲዲን ለጤነኛ ዲስክ ተዉት።

ሌላው የተለመደ ስህተት ክሎን ከማድረግ በፊት «እስቲ ይጠገን» ብሎ የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ የሆነውን ቼክዲስክን ከነ«አር» ምርጫው በታመመው ዲስክ ላይ ማስኬድ ነው። ቼክዲስክ የሚያስተካክለው የፋይል ሥርዓቱን ነው፤ ለዚያ ሲል ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፣ መዝገቦችንም በላዩ ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ በዲዲሬስኪው አውጡ፤ ከዚያ ቼክዲስክን በቅጂው ላይ አስኪዱ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ መጀመሪያ በቂ ኃይል እያገኘ መሆኑን አረጋግጡ። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ 900 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጡት፤ የላፕቶፕ ዲስክ ሲነሳ ከዚህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። በማሽኑ ውስጥ በሳታ (በዲስኩ መደበኛ የውስጥ መሰኪያ) ተሰክቶም ድምፁ ከቀጠለ አጥፉት። ለሜካኒካል ብልሽት ሶፍትዌር የለውም፤ ለባለቤቱም ይህንኑ በግልጽ መንገር ይገባል።

እንግዲህ የላፕቶፑ ዲስክ ጤነኛ ሆኖ አገኘነው እንበል። ቀጥሎ መጠን ነው። 500 ጊጋ የሚባለው ዲስክ በተለምዶ 976,773,168 ሴክተር አለው። 480ው ኤስኤስዲ 937,703,088 ሴክተር ነው። ልዩነቱ 20 ጊጋባይት ገደማ ነው። ባለቤቱ የተጠቀመው 180 ጊጋ ብቻ ቢሆንም፣ አንዳንድ ፕሮግራም ይህን ልዩነት አይቶ ገና ከመነሻው እምቢ ይላል።

እዚህ ላይ የፕሮግራሞቹ ዋና ልዩነት ይገለጣል። አንዱ ወገን ዲስኩን የሴክተር ተርታ አድርጎ ብቻ ያያል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባዶውንም ጭምር ይገለብጣል። ዲዲና ዲዲሬስኪው እዚህ ናቸው። መድረሻው እኩል ወይም የበለጠ ካልሆነ አይሆንላቸውም። ሌላው ወገን የፋይል ሥርዓቱን ያነባል፤ ጥቅም ላይ የዋለውን ብቻ ይወስዳል። ክሎንዚላ፣ ሬስኪዩዚላ፣ ማክሪየም ሪፍሌክት፣ የኤስኤስዲ አምራቾች የሚሰጧቸው ፕሮግራሞች ከዚህ ወገን ናቸው። ሁሉንም ሴክተር መገልበጥ በ90 ሜጋባይት በሰከንድ ፍጥነት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ 180 ጊጋውን ብቻ መውሰድ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል። ዲስኩን ከማሽኑ ውጭ የምትሰኩበት ኬዝ ዩኤስቢ 2 ከሆነ ፍጥነቱ ወደ 35 ይወርድና የመጀመሪያው አራት ሰዓት፣ ሁለተኛው አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ከሁለተኛው ወገን ሆኖ ሳለ ክሎንዚላ ወደሚያንስ ዲስክ መገልበጥን በነባሪው አይፈቅድም። ብዙ ሰው ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ ሲ ድራይቭን ያሳንስና መልሶ ይሞክራል፤ አሁንም አይሠራለትም። ጥፋቱ ያለው የሪከቨሪ ፓርቲሽኑ ላይ ነው። 500 ሜጋባይት ገደማ የሆነችው ይህች ፓርቲሽን ከሲ ቀጥላ የዲስኩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሲ ቢያንስም እሷ ከቦታዋ ስለማትነቃነቅ፣ አድራሻዋ 480ው ዲስክ ከሚያልቅበት ወዲያ ይሆናል። መፍትሔው የፓርቲሽን ማስተካከያ የሆነውን ጂፓርትድን ከፍላሽ አስነስቶ እሷን ወደ ግራ፣ እስከ ሲ ጠርዝ ድረስ መጎተት ነው። ከዚያ ክሎንዚላን በኤክስፐርት ሁኔታ ከፍታችሁ የመድረሻውን መጠን እንዳይፈትሽ የሚያደርገውን «አይሲዲኤስ» የተባለ ምርጫ ታበራላችሁ። ለዚህ ለያዝነው ላፕቶፕ ግን ክሎንዚላ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም፤ በግልበጣው መሃል ፓርቲሽኑን ራሱ የሚያሳንስ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሥራውን በአንድ እርምጃ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የኤስኤስዲውን ማርክ ተመልከቱ። ሳምሰንግ ከሆነ የሳምሰንግ ዳታ ማይግሬሽን አለ፤ የሚቀበለው ዲስክ ሳምሰንግ ካልሆነ አይሠራም፤ ዊንዶውስ የተጫነበትን ዲስክ ለማሻገር የተዘጋጀ ነው። ዌስተርን ዲጂታልና ክሩሻል ለምርታቸው የተወሰነ የአክሮኒስ ቅጂ ይሰጣሉ፤ እሱም የራሳቸው ዲስክ መሰካቱን አረጋግጦ ነው የሚከፈተው። ገንዘብ ሳይወጣ፣ ማሽኑ እየሠራ፣ መጠኑን እያስተካከሉ መገልበጥ የሚቻለው በእነዚህ ነው። ማክሪየም ሪፍሌክት ለብዙ ዓመታት በነጻ ቅጂው ይታወቅ ነበር፤ ነጻው ቅጂ ግን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ቆሟል። አሮጌው ፋይል በእጃቸው ያለ ሰዎች ዛሬም ያስነሱታል፤ የደህንነት ማሻሻያ ግን ከእንግዲህ አይመጣለትም።

«ነጻ» ተብለው የሚወርዱ ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ሲስተም ዲስክ ክሎን ለማድረግ የመጨረሻውን ቁልፍ ስትጫኑ ክፍያ ይጠይቃሉ። ከአገር ቤት ሆኖ በውጭ ካርድ መክፈል ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው ወደተሰበረ ቅጂ (ክራክ ወደተደረገ) ያመራል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የክሎን ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይሠራል፤ የደንበኛውን ዲስክ እያንዳንዱን ሴክተር ያነባል፣ ይጽፋል። ማን እንደነካካው ለማይታወቅ ፕሮግራም ያን ሥልጣን መስጠት የሰውን ሰነድ፣ የባንክ መግቢያና የቤተሰብ ፎቶ አሳልፎ መስጠት ነው። ደግሞም አያስፈልግም፤ ክሎንዚላ በታይዋን የኮምፒውተር ማዕከል የተዘጋጀ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ምንም የማይከፈልበት ነው። ጥቁር ገጹ ለሚያስፈራው ሬስኪዩዚላ በመዳፊት የሚሠራ ገጽ አለው፤ በክሎንዚላ የተቀመጠ የዲስክ ምስልንም (የዲስኩን ቅጂ የያዘ ፋይልን) ይከፍታል።

ወደ ቡት መንገድ እንለፍ። የዲስኩ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ አሮጌው ዓይነት ኤምቢአር ነው ወይስ አዲሱ ጂፒቲ? ከዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ የዲስኩን ንብረት ከፍታችሁ «ቮልዩምስ» የሚለው ላይ ታገኙታላችሁ። ክሎን ሰንጠረዡን እንዳለ ስለሚያሻግር አሮጌው ኤምቢአር ከነበረ አዲሱም ኤምቢአር ይሆናል። በ512 ባይት ሴክተር ኤምቢአር ከ2.2 ቴራባይት በላይ አያይም፤ የተረፈው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ኤምቢአር ሆኖ ማሽኑ ዩኢኤፍአይን (አዲሱን የማስነሻ ሥርዓት) የሚችል ከሆነ፣ ዊንዶውስ 10 ከ1703ኛው እትሙ ጀምሮ «ኤምቢአር2ጂፒቲ» የሚባል መሣሪያ ይዟል። ፋይል ሳያጠፋ ይቀይራል፤ የሚሠራው ግን ዋና ፓርቲሽኖቹ ከሦስት ካልበለጡ ነው። መቀየሩን በአዲሱ ዲስክ ላይ አድርጉት፤ አሮጌው ሳይነካ ይቆይ።

ከሳታ ሃርድ ዲስክ ወደ ኤንቪኤምኢ (ከሳታ ወደሚፈጥን የኤስኤስዲ ዓይነት) የምታሻግሩ ከሆነ ክሎኑ በትክክል አልቆ ሰማያዊ ገጽ ሊመጣ ይችላል። ዊንዶውስ ሲነሳ የኤንቪኤምኢውን ድራይቨር አስቀድሞ ስላልጫነ የሚነሳበትን ዲስክ አያገኘውም። ክሎን ከማድረጋችሁ በፊት የዊንዶውስ የአነሳስ ማስተካከያ የሆነውን ኤምኤስኮንፊግን ክፈቱ፤ ቡት የሚለው ላይ ሴፍ ቡትን ምረጡና አጥፉት። ከዚያ ክሎን ይደረግ። አዲሱ ዲስክ መጀመሪያ በሴፍ ሞድ ሲነሳ ድራይቨሩን ይይዛል፤ ከዚያ ምልክቱን አንሱት። ክሎንዚላ ኤንቪኤምኢውን ጭራሽ ካላየው ደግሞ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ የሳታ ሁኔታው ሬይድ ወይም አርኤስቲ ተብሎ ይሆናል። ወደ ኤኤችሲአይ (ወደ ተራው የሳታ ሁኔታ) ስትቀይሩትም ይኸው የሴፍ ሞድ እርምጃ ያስፈልጋል።

የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ የሆነው ቢትሎከር የብዙ ሰው ጊዜ ይበላል። አንዳንድ ላፕቶፕ ባለቤቱ ሳያውቅ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። የተቆለፈን ፓርቲሽን ክሎንዚላ ማንበብ ስለማይችል ባዶውንም ጭምር ሴክተር በሴክተር ይገለብጣል፤ ማሳነስም አይቻልም። አዲሱ ዲስክ ሲነሳ ደግሞ 48 አሃዝ ያለውን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉን ከባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት አስቀድማችሁ አውጥታችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ቢትሎከሩን አጥፉና መፈታቱ እስኪያልቅ ጠብቁ። አዲሱ ዲስክ ላይ መልሶ ማብራት ይቻላል።

ከፍላሽ በሚነሳ ፕሮግራም ስትሠሩ ፋስት ስታርትአፕ የተባለው የዊንዶውስ ፈጣን መነሻ መጥፋት አለበት። እሱ በርቶ ሳለ «ሻት ዳውን» ማለት ዊንዶውስን ግማሽ እንቅልፍ ላይ መተው ነው፤ የፋይል ሥርዓቱ ክፍት እንደሆነ ስለሚቀር ክሎንዚላ ስህተት ይላል። ሺፍትን ይዛችሁ ሻት ዳውን ብትሉ ለዚያ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ዴስክቶፕ ከሆነ በዩፒኤስ ላይ ይሰካ፤ ክሎንዚላ በመሃል ከተቋረጠ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

አሁን ሁለቱ ዲስኮች ተሰክተዋል። ከሁሉ የከፋው አደጋ ያለው እዚህ ነው፦ ባዶውን ኤስኤስዲ በሙሉው ዲስክ ላይ መገልበጥ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። በሊነክስ «ኤስዲኤ» እና «ኤስዲቢ» የሚሉት ስሞች ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ትናንት ኤስዲኤ የነበረው ዛሬ ኤስዲቢ ሊሆን ይችላል። በመጠንም አትለዩ፤ ሁለቱም 500 የሆኑ ቀን ትሳሳታላችሁ። መለያው በዲስኩ ላይ የታተመው ሲሪያል ቁጥር ነው። ከመሰካታችሁ በፊት የሁለቱንም የመጨረሻ አራት አሃዝ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ «ምንጭ» እና «መድረሻ» ብላችሁ። ክሎንዚላ ሞዴሉንና ሲሪያሉን ያሳያል፣ ከመጻፉም በፊት ደጋግሞ ያረጋግጣል። እያንዳንዱን ጥያቄ ከወረቀቱ ጋር አስተያይታችሁ መልሱ።

ሲያልቅ ማሽኑን አጥፉ፤ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ነቅላችሁ አዲሱን ብቻ ሰክታችሁ አስነሱ። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መለያ ስለሚይዙ አብረው ከተሰኩ ዊንዶውስ አንዱን «ኦፍላይን» ያደርጋል፤ ሳታውቁት ከአሮጌው ተነስታችሁ «ክሎኑ ሠርቷል» ልትሉም ትችላላችሁ። የማይነሳ ከሆነ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነሱና ሺፍትና ኤፍ10 ተጫኑ፤ በዲስክፓርት (በዊንዶውስ የፓርቲሽን ማዘዣ) ለማስነሻዋ ፓርቲሽን ፊደል ሰጥታችሁ «ቢሲዲቡት» በሚለው ትእዛዝ የማስነሻ መዝገቡን እንደገና ጻፉ። አብዛኛው «ክሎኑ አልተሳካም» የሚባል ማሽን በዚህች አንድ ትእዛዝ ይነሳል።

ከተነሳ በኋላ ትልልቅ ፋይሎችን ክፈቱ፤ የሒሳብ ፕሮግራሙን አስነሱ። በርካሽ የሚሸጥ ስሙ ያልታወቀ ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ ከክሎኑ በፊት ኤች2ቴስትደብሊው በተባለው ነጻ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልታችሁ ፈትሹት። መጠኑን የሚዋሽ ዲስክ ክሎኑን ያለ ቅሬታ ይቀበላል፤ ፋይሎቹ አለመኖራቸው የሚታወቀው ሲከፈቱ ነው።

አንድ ነገር ለባለቤቱ ንገሩት። ክሎን ያለውን ሁሉ ያሻግራል፤ ቫይረሱንም፣ የተበላሸውንም ዊንዶውስ። የማይክሮሶፍት መደበኛ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ ከክሎኑ ቀጥሎ ማሳደጉን አስቡበት። ዊንዶውሱ ራሱ ከታመመ ደግሞ አዲስ መጫንና ፋይሎቹን ብቻ ማምጣት ይሻላል።

አሮጌው ዲስክ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይነካ ይቀመጥ። ባለቤቱ ሁሉም ነገር እንዳለ ካረጋገጠ በኋላ ለሌላ ሰው የሚሸጥ ወይም የሚሰጥ ከሆነ፣ ፈጣን ፎርማት ፋይሎቹን አያጠፋም። በዲስክፓርት «ክሊን ኦል» የሚለው ትእዛዝ እያንዳንዱን ሴክተር በዜሮ ይሞላዋል። 500 ጊጋ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ እሱንም ስታስገቡ ያን ሲሪያል ቁጥር የጻፋችሁበትን ወረቀት አጠገባችሁ አድርጉ።